ስድስት ነበርን ወይስ ሰባት

ለክቡር አቶ አሰግድ
የማይን ዳር የመረዳጃ ዕድር ሊቀመንበርና የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴው ሰብሳቢ
ፍራንክፈርት

ጉዳዩ፦ የቅኝ ግዛቱን የቅጣት ሕግ በዘመናዊ ሕግ ስለተኩልን የቀረበ ምስጋና፣ እግረ መንገዱንም የተከሳሽ መልስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ በተለይም ወገብዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አምሳ ስምንቱንም አንቀጽ ቆመው ሲያነቡልን ደጋግመው ወገብዎን ሲይዙ አይቼ አዝኜ ነበር፤ እኛ አድማጮቹ ተቀምጠን ስለነበር የእኛ ሕመም ሌላ ቦታ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመቴን ይዤ፣ አንዱን ጉልበቴን በብረት አስቀይሬ፣ ሌላውን እንዳለ ትቼ፣ ሮደልሃይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የተቀየረ ጉልበት ከተቀየረ ሕግ የሚለየው፣ ጉልበቱ ከተቀየረ በኋላ በእርግጥ መታጠፉ ነው።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ልዳፈርዎ ፈልጌ ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ታሽገው ስለነበር ለመክፈት አስቸግረውዎት ይሆናል ብዬ ነው። ይኸኛው ማሸጊያ የለውም። በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳም በየስልኩም ስለሚዞር፣ የዕድራችን አባል ያልሆነ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ እንዳወራው ይፍቀዱልኝ። ፈቃድ መጠየቅ ለምዶብኛል።

ዕድራችን የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት ሲቋቋም ከአሥመራም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከሌላም የመጣን የፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን። ሁላችንንም የሚያግባባን የተማርንበት አማርኛ ስለነበር የዕድሩ ቋንቋ አማርኛ ሆነ። በማኅበርነት ለመመዝገብ ደግሞ ጀርመኖቹ የተጻፈ ደንብ አምጡ አሉን። ከመካከላችን ደንብ የሚያውቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዕድሜ የሚበልጡን አቶ ሳሕለ ብቻ ነበሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው አሥመራ ለጣልያን ዳኞች የአገሬውን ሰው ክስ ይገለብጡ የነበሩ ጸሐፊ ናቸውና የሚያውቁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል። ወገቤን አመመኝ ብለው ከፋብሪካው የአንድ ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወሰዱና ጽፈው መጡ። «ተወላጅ» ይል የነበረውን «አባል»፣ «ገዥው» ይል የነበረውን «ሊቀመንበሩ» አሉት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ተንኮል አልነበረባቸውም፤ ሕግ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ይመስላቸው ነበር። እኛም ሲነበብልን አጨበጨብን፤ ያስፈራ ስለነበር ትክክለኛ መሰለን። በዚህ ዓይነት ጣልያን አሥመራን ለቆ ከሄደ ከስንት ዘመን በኋላ፣ በተከራየነው የሮደልሃይም አዳራሽ ውስጥ፣ በገዛ ጭብጨባችን ሲገዛን ኖረ።

ይህን ያወቅነው ባለፈው ዓመት ነው። የልጅ ልጄ ዊንታ እዚሁ ሕግ ትማራለች። ለትምህርቷ የቅኝ ግዛት ዘመን የወንጀል ሕጎችን ስታገላብጥ የዕድራችንን የቅጣት ምዕራፍ በጣልያንኛ አገኘችውና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ለኮሚቴው ላከች። እርስዎም ይህ የባርነት ሰንሰለት ይበጠሳል ብለው በአደባባይ ቃል ገቡ፤ ቃልዎንም ጠበቁ። ሪባን ተቆረጠ፤ ኬክ ተቆረጠ፤ ዊንታም ከተጋባዦቹ ዝርዝር ተቆረጠች። ላሳተሙት ሕግ ያለኝን ምስጋና እንግዲህ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ አመሰግናለሁ። በቀድሞው ሕግ «ቅጣት» ይባል የነበረው አሁን «የእርምት እርምጃ» ሆኗል። «ተከሳሽ» የሚለው ክፉ ቃል ተሰርዞ «ጉዳዩ የሚታይለት አባል» ተብሏል። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን «ማባረር» ቀርቶ «ተሳትፎን ላልተወሰነ ጊዜ ማሳረፍ» መባሉ ነው። ድሮ ሰው ይባረር ነበር፤ ዛሬ ያርፋል። የተባረረ ሰው ሲሞት ሞቱ አይለፈፍም፣ ዕድሩም ለሐዘን አይቀመጥለትም ነበር፤ ያረፈ ሰውም ሲሞት ሞቱ አይለፈፍም፣ ዕድሩም አይቀመጥለትም። ልዩነቱ ይኸኛው በዕረፍት ላይ መሆኑ ነው።

ዊንታ አዲሱን መጽሐፍ ካነበበች በኋላ መነጽሯን አውልቃ፣ «ኦፓ፣ ዳስ ኢስት ዶኽ ዳስ ዘልበ» አለችኝ፤ አያቴ፣ ያው ራሱ ነው እኮ ማለቷ ነው። ስለ ጉልቻና ስለ ወጥ የሚባለውን ተረት ልጠቅስ ስል ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ አልጠቀስኩትም።

፪. ሁለተኛ ስለ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ማለትም ስለ አሁኑ አንቀጽ ሠላሳ አንድ አመሰግናለሁ። ከዚህች አንቀጽ ጋር ቤተሰባዊ ትውውቅ አለኝ። አባቴ አሥመራ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በጣልያን ዘመን አንድ የሥራ ጓደኛው ከመሰላል ወድቆ ሲሞት፣ ዘጠኝ ሆነው ሬሳው ባለበት ግቢ ለሐዘን ተቀመጡ። ሕጉ ደግሞ ከሰባት የበለጡ ተወላጆች ያለ ገዥው ፈቃድ እንዳይሰበሰቡ ይከለክል ነበርና ሃያ ሃያ ቀን ታሰሩ። አባቴ ይህን ሲያጫውተኝ ከእስሩ ይበልጥ የሚያስገርመው የፖሊሱ አቆጣጠር ነበር። ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ ሐዘንተኛውን በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር፣ ጣቱ ሬሳው ላይ ደረሰ፤ እዚያ ላይ ቆም አለ፣ አሰበ፣ ከዚያም ተወው። ባንዲራ ይወርዳል ይወጣል፣ ቆጣሪው ግን ከሥራው አይፈናቀልም ይል ነበር አባቴ። ይህቺን የፖሊሱን ጣት ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ አዲሱ አንቀጽ ሠላሳ አንድ እንዲህ ይላል፦ ከስድስት የበለጡ አባላት ከጽሕፈት ቤቱ ቅድመ ዕውቅና ሳያገኙ ቢገናኙ ጉዳያቸው ይታይላቸዋል። ክቡር ሆይ፣ ጣልያን እኮ ሰባት ፈቅዶልን ነበር። ነፃነታችን አንድ ሰው አስከፈለን ማለት ነው። የቀነሱብንን ሰው ማንነት ብናውቅ ለቤተሰቦቹ እናረዳ ነበር።

፫. ሦስተኛው ስለ ዘርኣብሩክ ነው። እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ድካም ነው እንጂ አክብሮት አይምሰልዎ።

ዘርኣብሩክ ከዕድሩ መሥራቾች አንዱ ነው። በባድመ ጦርነት ጊዜ ዕድራችን ለሁለት ሊሰነጠቅ ሲደርስ፣ ሰው በአዳራሹ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ሲቀመጥ፣ እሱ ፌኸንሃይም ባለው ቤቱ አሥራ አራት ሰው ጠራ። ግማሾቹ ከዚህ ወገን፣ ግማሾቹ ከዚያ ወገን ልጅ ወይም ወንድም የሞተባቸው ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አብረው እንዲያለቅሱ አደረጋቸው። ሌላ ወንጀል የለበትም። የጊዜው ሊቀመንበር አንቀጽ ዘጠኝን አነበቡ፤ አሥራ አራት ከሰባት ይበልጣል፤ እጃችሁን አውጡ ተባለ፤ ዘርኣብሩክ ተባረረ።

ክቡር ሆይ፣ የያኔው ሊቀመንበር እርስዎ አልነበሩም። እጁን ያወጣው ግን ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ነው። የወንድሜ ልጅ ግንባር ነበር፤ ልቤ ደንድኖ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ክፉ ሕግ አንድ ምቾት አለው፤ ክፋቱን የሚሠራው ሕጉ እንጂ እኔ አይደለሁም ያሰኛል። ዘርኣብሩክ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ዞር ብሎ እጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሠላሳ አንድ ናችሁ አለ፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሕጉ አትጠይቁት አላለም፤ እኛ ግን ሕጉ ያላለውን ጨምረን፣ በትራም ስንገናኝ ወደ መስኮቱ ማየት ጀመርን። ይህ ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሕግዎ አንቀጹን ሠላሳ አንደኛ ላይ ሲያስቀምጠው ብቻዬን ሳቅሁ። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ያለ መሰለኝ።

ዛሬ ዘርኣብሩክ ሆክስት በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ላይ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም። እግሩ ከአልጋ ከወረደ ሦስት ወር ሆኖታል። ሐኪሟ የዚህን የጀርመን በጋ መጨረሻ፣ መስከረምን፣ ባያይ አትገረሙ ብላናለች። እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞት ስሙ በዕድሩ እንዲለፈፍና ሰው እንዲቀመጥለት። በሰው አገር ወገን እንደሌለው ሰው ዝም ተብሎ መቀበርን ይፈራል። ሞትን እንኳ ያን ያህል አይፈራም።

አዲሱ ሕግ ሲታወጅ በአሮጌው የተፈረደባቸው ሁሉ እንደገና ይታይላቸዋል ስለተባለ ማመልከቻውን እኔው ይዤ መጣሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በትሕትና ተቀብሎ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ ሰጠን፤ ኖቬምበር አሥራ አራት፣ አመልካቹ በአካል ቀርቦ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ። ኮሚቴው በዓመት ሁለቴ ብቻ እንደሚሰበሰብ ተረድቻለሁ። ሐኪሟ ግን የራሷን ቴርሚን ከእናንተ ጋር ሳታስማማ ቀረች። ስለ እሷ ግድየለሽነት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. አራተኛው ስለ ተላከልኝ ክስ፣ ይቅርታ፣ ጉዳዬ ስለሚታይልኝ ነው። ባለፈው ወር በአንድ እሑድ ስድስት የዕድር አባላት ዘርኣብሩክን ልንጠይቅ ሄድን። ሃያ ሰባት ዓመት የዘገየ ጥየቃ ስለነበር በሩ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ስንገፋፋ ቆየን። መጨረሻ እኔን አስቀደሙኝ። ዘርኣብሩክ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ፣ በርሀ፣ ያቺ እጅህ እስካሁን አልወረደችም እንዴ አለኝ። ሳቀብኝ፤ ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለጽሕፈት ቤቱ አልዘግብም። የዕድር አባል ያልሆነችው ዊንታ ፎቶ አነሣችን። ፎቶው በየስልኩ ሲዞር ቢሮዎ ደረሰና አንድ ትጉህ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጠረው። በሦስተኛው ቀን፣ ሰባት አባላት ያለ ቅድመ ዕውቅና መገናኘታችሁ ተረጋግጧል፣ ተሳትፏችሁ ስለሚያርፍበት ሁኔታ ይታያል የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ደረሰን። በሦስት ቀን። ለዘርኣብሩክ የአምስት ወር ቀጠሮ የሰጠው ጽሕፈት ቤት ለካ መሮጥ ይችላል።

አሁን ወደ ፖሊሱ ጣት ልመለስ። እኛ ስድስት ነበርን። ሰባት የሆንነው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ስለተቆጠረ ነው። ዘርኣብሩክ አባል ካልሆነ ስድስት ነን፤ ስድስት ከስድስት አይበልጥም፤ ክስ የለም። ዘርኣብሩክ አባል ከሆነ ሰባት ነን፤ ጥፋተኞች ነን፤ እሱ ግን አባል ነውና ሲሞት ይለፈፍለታል፣ ዕድሩም ይቀመጥለታል። ሲያጠፋ አባል፣ ሲሞት ባዳ የሚሆንበት አንቀጽ ግን አምሳ ስምንቱንም ከዊንታ ጋር በእስክሪብቶ እያሰመርን ብንፈልግ አላገኘንም። የጣልያኑ ፖሊስ እንኳ ጣቱ ሬሳው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አስቦ ነበር። የእኛው ቆጣሪ ግን ነፍሱ ያልወጣውን ሰው ለመቁጠር ትንሽም አላሰበ።

እኔ በበኩሌ ጥፋተኛ መሆንን መርጫለሁ። ሰባት ነበርን። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ አምስቱ ባልደረቦቼም በዚህ ተስማምተዋል። የእምነት ቃል በነፃ ሲቀርብልዎ የመጀመሪያዎ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎ። ስድስታችንንም ያሳርፉን። ሞቴ ባይለፈፍ ሮደልሃይም ላይ የምታጣኝ ዳቦ ሻጯ ብቻ ናት፤ እሷም ሁለት ቀን ያደረ ዳቦ ስለምመርጥ አታዝንም። በምትኩ ሰባተኛው ሰው አባል ተብሎ የተቆጠረበትን ያንኑ ወረቀት፣ ከነማኅተሙ፣ ለዘርኣብሩክ ወስጄ ራስጌው ላይ እሰቅልለታለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀው ወረቀት ነው። እናንተ ክስ ብላችሁ የጻፋችሁትን እሱ እንደ ምሕረት ያነበዋል፤ መነጽሩን እኔ እጠርግለታለሁ።

፭. በደብዳቤዎ መጨረሻ፣ በፎቶው ጠርዝ ላይ ማንኪያ የያዘ እጅ ብቻ ይታያልና የእጁ ባለቤት ማንነት በአሥር ቀን ውስጥ ይገለጽ ብለዋል። አምስታችንን በስም አውቃችሁናል፤ ስድስተኛው ሰው ነው የቸገራችሁ። ይህ ጥያቄ ክብደት ስላለው በዚህ ተራ ቁጥር ልመልሰው አልደፍርም። እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ይታገሡኝ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ይህኛው ቀልድ የለበትም። አሮጌ ሕግ በአዲስ የሚተካው አዲስ መጽሐፍ ስለታተመ አይደለም። ትናንት በክፉው ሕግ የተጎዳው ሰው ዛሬ በሕይወት እያለ ተፈልጎ፣ በድለንሃልና ይቅር በለን ሲባል ነው። ይህን ለማለት አንቀጽ አያስፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልግም፤ የሆክስት ትራም ይበቃል። በመጪው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንደገና እንሄዳለን። ስድስት ነን። እርስዎ ቢጨመሩ በሽተኛውን ሳንቆጥር እንኳ ሰባት ስለምንሆን ሕጉ ያለ ጥርጥር ይጣሳል፤ ራስዎን ለመክሰስ የክስ ጽሑፍ ቢፈልጉ ዊንታ በነፃ ታዘጋጅልዎታለች።

ፈጣሪ ለእርስዎም፣ ለኮሚቴዎም፣ ለማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣

የአምሳ ስምንቱ አንቀጾችዎ ትሑት አገልጋይ፣
ሕግ እንዳይጥስ ብቻውን ተቀምጦ የጻፈው፣
የተወላጅ ልጅ፣ የዛሬ አባል፣ የነገ ዐራፊ፣
በርሀ፣ የዚንድሊንገን ፋብሪካ ጡረተኛ

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ራስጌው ላይ ለሚነበብለት ለዘርኣብሩክ

ማስታወሻ፦ አምስተኛውን ተራ ቁጥር አልረሳሁትም። አሰግድ ልጄ፣ እዚህ ላይ «እርስዎ» የምልበት ጉልበት አለቀብኝ። የእጁን ባለቤት ስም ጠይቀሃል፤ ሴትየዋ ራሳቸው ጻፍለት ስላሉኝ እጽፍልሃለሁ። ፎቶውን ሰፋ አድርገህ ተመልከተው። ከእጅ አንጓው እስከ አውራ ጣቱ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። የሦስት ዓመት ልጅ ነበርክ። ዘርኣብሩክ ቤት ተሰብስበን ሳለ ምድጃው ላይ የፓስታ ውሃ ይፈላ ነበር፤ አንተም ድስቱን በእጀታው ጎተትከው። ውሃው አንተ ላይ ሳይደርስ ያ እጅ መሀል ገባ። እሳቸውን በመኪናው ሐኪም ቤት ያደረሰ ዘርኣብሩክ ነው፤ አንተ አንዲት ጠብታ ሳትነካህ እኔ ጭን ላይ ተቀምጠህ ታለቅስ ነበር። በዚያ እሑድ ያ እጅ ለዘርኣብሩክ ሾርባ ያጎርሰው ነበር፤ የጴንጤ ጸሎት አስረዝመውበት እሱ በየመሀሉ ሲያማትብ እኛ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር።

ስለዚህ በቅጹ ላይ «ወይዘሮ ሰብለወንጌል» ብለህ ሙላ፤ አድራሻቸውን ታውቀዋለህ፣ ያደግክበት ቤት ነው። እናትህ በመጪው እሑድም ይመጣሉ። ፌኸንሃይም ከትራሙ መነሻ ስለሚሳፈሩ ቦታ አይቸግራቸውም፤ ቦርሳቸውን አጠገባቸው ወንበር ላይ አድርገው እስከምትገባ ድረስ ይይዙልሃል።